ትል የሌለበት ድር

እንኳየሁ ቤቷን የማትጠርግ ሴት አልነበረችም። ይህ አስቀድሞ ይነገር፤ የአዘዞ ሴቶች በዚህ ነገር ስሟን ሲያነሱና ሲጥሉ ኖረዋልና። ወለሏን እንደ ማንም በእበት ትለቀልቃለች፣ ደጇን ታጸዳለች፣ የባሏን የመሪጌታ ወልደ ዮሐንስን ጥምጥም ከደብሩ ካህናት ሚስቶች ሁሉ አስበልጣ አንጥታ ታጥባለች። መጥረጊያዋ የማይደርስበት ጣሪያው ብቻ ነበር። ከሣር ክዳኑ ሥር፣ በየማገሩ መካከል፣ ሸረሪት እንዳሻት ድሯን ትዘረጋለች፤ የሚነካት የለም። እንግዳ ገብቶ ቀና ሲል ያያል፣ አይቶም ዝም ይላል። ሲወጣ ግን ዝም አይልም።

ነገሩ የመጣው ከአማቷ ነው። ያን ጊዜ መጥረቢያ እግሩን ያገኘው ሰው፣ ማጭድ ጣቱን የበላው አጫጅ፣ አዲስ የተገረዘ ሕፃን፣ ደሙ የሚቆምለት በሸረሪት ድር ነበር። ድር ማንም ይለቅማል። የእንኳየሁ አማት ግን ለቀማውን ወግ ያለው ሥራ አድርገውት ነበር፤ ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ እጅ ሳይነካው፣ በባላ እንጨት እየተጠቀለለ፣ ጭስ በማይደርስበት ሙዳይ ይቀመጣል። አሮጊቷ ሲሞቱ ሙዳዩ ለምራታቸው ተረፈ፣ ከሙዳዩ ጋር ጣሪያውም። ከዚያ ወዲያ በመንደሩ ደም በፈሰሰ ቁጥር ሰው ወደ እንኳየሁ ይላካል። ስለ ጣሪያዋ የሚያሟት ሴቶችም ልጃቸው የሚገረዝ ቀን ከደጇ አይጠፉም።

ጣሊያን ከወጣ በሁለተኛው ዓመት ወንድ ልጅ ወለደች። ከእሱ በፊት ትርንጎ የምትባል ሴት ልጅ ነበረቻት፤ ወንድ ግን የመጀመሪያዋ ነው። በስምንተኛው ቀን ገራዡ አያ አለነ መጣ። እጁ ቀላል ነው ይባልለታል፣ እሱ የገረዘው ልጅ ሞቶ አያውቅም። ቆረጠ፤ እንኳየሁ ድሩን ሰጠች፤ ደሙ ቆመ። ሁሉም እፎይ ብሎ ጠላውን ቀመሰ። ትንሽ ቆይቶ ደሙ ድሩን አልፎ መጣ። ሌላ ድር ተጨመረ፤ ቆመ፤ እንደገና መጣ። በማግስቱ ሕፃኑ ነጭ ሆኖ፣ ለማልቀስም አቅም አጥቶ፣ እቅፏ ውስጥ አረፈ።

ጎረቤቱ ዓይነ ጥላ ነው አለ። ጎረቤት መቼም ምክንያት አያጣም። እንኳየሁ ግን ድሩ አርጅቶ ነው ብላ ራሷን ወቀሰች፤ ከአማቷ ዘመን ጀምሮ ሙዳይ ውስጥ የተኛ ድር ነበር። ስለዚህ ሁለተኛውን በጸነሰች ጊዜ አሮጌውን ጣለችና አዲስ ፍለጋ ወጣች። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ባሉት ጽዶች ላይ እንደ መንኮራኩር የተዘረጋ ድር ሞልቷል። ከመካከሉ ግን አልፎ አልፎ ሌላ ዓይነት አገኘች፤ መንኮራኩር የሌለው፣ ተደራርቦ እንደ ተገመደ ፈትል የወፈረ፣ ነፋስ የማይበጥሰው። ስታየው ልቧ ሞላ። ሸጋው ድር ይህ ነው አለች። ሌላውን ትታ እሱን ብቻ ለቀመች።

ሁለተኛው ልጅ ከመጀመሪያው የበለጠ የኖረው አንድ ቀን ቢሆን ነው። እሱም ደሙ አልቆም ብሎ ሞተ።

ከአራስነቷ ስትወጣ ወደ ጽዶቹ ተመለሰች። ለምን እንደሄደች ብትጠየቅ አታውቀውም፤ እግሯ ወሰዳት። ዝቅ ባለ ቅርንጫፍ ላይ አንዲት ሸረሪት ያን ወፍራም ድር ስትሠራ አገኘቻት። ጠጋ ብላ ስታይ ከሸረሪቷ ጀርባ ላይ፣ እግሮቿ በማይደርሱበት ቦታ፣ ነጭ ትል ተጣብቋል። ሸረሪቷ ትሠራለች፣ ትሉ ይጠባታል። በማግስቱ ስትመለስ የሸረሪቷ ቆዳ ብቻ ደርቆ ቀርቷል፤ ትሉ ከወፍራሙ ድር መካከል ተንጠልጥሎ በራሱ ላይ ልቃቂት የመሰለ ነገር ይጠመጥማል። ያን ጊዜ ገባት። ያ ድር ለሸረሪቷ የተሠራ አልነበረም። እየሞተች ለገዳይዋ ያነጠፈችው አልጋ ነበር።

«ልጄን በትል አልጋ ነው ያሰርኩት» አለች፤ ከጽዱ ሥርም ቁጭ አለች። የሚሰማት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥፋተኛው ታወቀ። የትሉ መርዝ በድሩ አልፎ ከሕፃኑ ደም ገብቷል። ለመጀመሪያው ልጅም ቢሆን ሙዳዩ ውስጥ የትል ድር ሳይቀላቀል አልቀረም። እንኳየሁ እንዲህ ብላ ደመደመች። ሰው ለሐዘኑ ጥፋተኛ ሲያገኝ ቢያንስ የሚሠራው ሥራ ያገኛል፤ እሷም አገኘች። ይህን ትል ከሸረሪት ጀርባ የሚያኖረው ማን እንደሆነ ማወቅ ሥራዋ ሆነ።

አስቀድማ ባሏን ጠየቀች። «መሪጌታ፣ ይህ ትል ከየት ይመጣል ይላሉ?»

«የገዛ ልጇ ይሆናላ» አሉ መሪጌታ ከመጽሐፋቸው ቀና ሳይሉ። «እናቱን የሚበላ ልጅ በሰውም አለ።»

መሪጌታ ቅኔ ያውቃሉ፤ ሸረሪት አያውቁም። እንኳየሁ ወደ ደጅ ወጣች።

የተርብ ሥራ መሆኑን የጠረጠረችው ከጣሪያዋ ሥር ጭቃ እየተሸከመች ቤት የምትሠራውን ተርብ ስታይ ነው። አንዱን የጭቃ ቤት ፈነቀለችው። ውስጡ ሸረሪቶች ተጠቅጥቀዋል። እፍ ስትልባቸው እግራቸው ይንቀሳቀሳል፣ መሄድ ግን አይችሉም፤ ከመካከላቸው አንድ ትል ተኝቶ በየተራ ይበላቸዋል። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። አልሞቱም፣ ግን ምንም ማድረግ አይችሉም። ከዚያ ዘንግ አነሳችና የጭቃ ቤቱን ሁሉ አፈረሰች፤ የራሷን ጨርሳ የጎረቤት ጣሪያ ሥር ገባች። አብዳለች የሚለው ወሬ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው።

የጽዱ ሸረሪቶች ግን ትል ማዘላቸውን አልተዉም። ስታስበው፣ ጭቃ ሠሪዋ ሸረሪትን ይዛ ትሄዳለች እንጂ ድሯ ላይ አትተዋትም። ከመንገድ ዳር አፈር ቆፍራ ሸረሪት እየጎተተች የምታስገባው ትልቋ ጥቁር ተርብም እንዲሁ ናት። በከንቱ ነበር ያን ሁሉ ቤት ያፈረሰችው። በመጨረሻ አንዱን ልቃቂት ከነቅርንጫፉ ቆርጣ ብርሌ ውስጥ ከተተችና አፉን በጥጥ ወተፈችው። ከቀናት በኋላ ልቃቂቱን ቀዳ የወጣችው ከጥፍር የማትረዝም፣ ሆዷ ቀይ፣ የክንፏ ጫፍ የጠቆረ፣ ወገቧ ሊበጠስ የደረሰ ተርብ ነበረች። እንኳየሁ አወቀቻት። ስንት ጊዜ በጽዱ መካከል ስትበር አይታ ትንኝ መስላት አልፋታለች።

ሥራዋንም ቆይታ በዓይኗ አየች። ተርቧ መጥታ ሸረሪቷን ወጋቻት፤ ሸረሪቷ ጥቂት ደንዝዛ ቆየች፤ ተርቧ ከጀርባዋ ላይ ከጤፍ የምታንስ ነጭ ነጥብ አኑራ ሄደች። ሸረሪቷ ነቃች፣ እግሮቿን አንድ በአንድ አነሳች፣ ወደ ሥራዋም ተመለሰች። ምን እንደተሸከመች አላወቀችም።

ይህን ሁሉ ለትርንጎ አስተማረቻት። ድር ከመንካትሽ በፊት ባለቤቲቱን ፈልጊ፤ ጀርባዋን እይ፤ ነጥብ ካለባት መንኮራኩሩ የቱንም ያህል ቢያምር ተይው፤ ወፍራሙን ድርማ ከሩቅ ሽሺው። ልጅቱ ዓይኗ የተሳለ ነበር፤ እናቷ ጠጋ ብላ የምታየውን እሷ ከቆመችበት ትለያለች። ትምህርቱ ከቤትም አልፎ መንደር ገባ። እብድ ያሏት ሴቶች ልጃቸውን ሊያስገርዙ ሲሉ «ድሩ ትል የለበትም?» ብለው ሳይጠይቁ አይወስዱም። የእንኳየሁን ድር ያሰሩ ልጆች ሁሉ ደማቸው ቆመ፣ ቁስላቸው ደረቀ። የማንኛውም ድር ቢሆን ይቆም ነበር ብሎ ማን ያስብ? እሷም አላሰበችም። በየልጁ መዳን እምነቷ ጠነከረ።

እንደገና ስታረግዝ ትርንጎ ለአቅመ ሔዋን ልትደርስ ምንም አልቀራት። እንኳየሁ ተርቧን፣ ትል ያዘለች ሸረሪትንና ወፍራሙን ድር በብርሌ ይዛ ጎንደር ከተማ ሐኪም ቤት ወጣች። አድማሴ የሚባል ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር ነበር፤ ወጣት ነው፣ ሰው አይገላምጥም ይባላል። ብርሌውን ከጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ይህ መርዝ ከሕፃን ደም ከገባ የሚያወጣው መድኃኒት ካለ ብዬ ነው» አለችው።

«እኔ የሰው እንጂ የሸረሪት ሐኪም አይደለሁም እትዬ» አለ እየሳቀ። የሁለቱን ልጆች ነገር ስትነግረው ግን ሳቁን ተወ። ወንበር ስቦ አስቀመጣት። «ከእናትዎ ወንድሞች፣ ወይም ከራስዎ ወንድሞች፣ እንዲህ ደሙ አልቆም ብሎ የሞተ አለ?»

እንኳየሁ አሰበች። የእናቷ ወንድም ጥርሱን ነቅሎ በዚያው ደምቶ ሞቷል። የራሷ ታላቅ ወንድም፣ እሷ ሳትወለድ፣ ሲገረዝ ሞቷል። ሁለቱንም ዓይነ ጥላ እየተባለ ነው የሰማችው።

«አሉ» አለች ቀስ ብላ።

«ይህ የደም ሕመም ነው። በእናት በኩል ይመጣል፣ እናትን ግን አያማትም፤ ወንድ ልጇን ነው የሚይዘው። ሁሉንም ላይዝ ይችላል። የያዘው ግን ከተቆረጠ ደሙ አይቆምም። ይኼኛው ወንድ ከሆነ አያስገርዙት።»

«ድሩስ?»

«ድሩ ምንም አላጠፋም። ተርቧም አላጠፋችም።»

እንኳየሁ ብርሌዋን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። እስከ አዘዞ ድረስ በእግሯ ስትወርድ ተናደደች፣ አለቀሰች፣ እንደገና ተናደደች። ትሉ ከሆነ የምታደርገው ነገር አለ፤ ትጠብቃለች፣ ትለያለች፣ ትመርጣለች። ደሟ ከሆነ ግን ልጆቿን የገደለቻቸው በመውለዷ ነው፣ ለዚያም ምንም አይደረግም። ይህን መሸከም አልቻለችም። ቤቷ ስትደርስ ትሉን መርጣ ነበር።

ያም ሆኖ ልቧ አላረፈም። ራት ላይ ለመሪጌታ «ድሬሰሩ ወንድ ከሆነ አይገረዝ አለ» አለቻቸው።

«ያልተገረዘ የመሪጌታ ልጅ?» አሉ መሪጌታ፤ በቁጣ ሳይሆን በመገረም። «ምነው? ምን ምክንያት ሰጠ?»

ደሜ ነው ማለት ነበረባት። አፏ እምቢ አላት። «እንዲያው ነው ያለው» አለችና ሰሃኑን አነሳች።

ልጁ ወንድ ሆነ። ለእሱ የተለቀመውን ድር እናትና ልጅ ወራት ሙሉ ደክመውበታል፤ ጀርባዋ ያልታየ አንዲት ሸረሪት አልነበረችም። አያ አለነ ራሱ ፈርቶ ነበር፤ ምላጩን ከማንሳቱ በፊት አማተበ። ቆረጠ፣ ድሩ ታሰረ፣ ደሙ ቆመ፤ ከዚያ እንደ ወንድሞቹ መጣ። ሲብስበት መሪጌታ ጫማቸውን ሳያጠልቁ ወደ ደብሩ ሮጡ፤ አርባ ቀኑ ሳይደርስ ቄስ መጥቶ በጥድፊያ አጠመቀው፣ ወልደኢየሱስ ተባለ። ስሙን ይዞ ሞተ። እንኳየሁ አራስ ስለሆነች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አትገባም፤ ወንዶቹ ይዘውት ሲወጡ በበሩ ቆማ አየች።

መሪጌታ ከቀብር ተመልሰው ከአጠገቧ ተቀመጡ። ሊያጽናኗት ብለው፣ በፍቅር፣ «አንዱ ትል አምልጦሽ ይሆናል» አሏት።

እንኳየሁ አንድም እንዳላመለጣት ታውቃለች። በዓለም ላይ በእርግጥ የምታውቀው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። ድሩ ንጹሕ ነበር። ድሩ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ የቀረችው እሷ ናት።

«ይሆናል» አለች።

ሰውም ያንኑ ያዘ። እንኳየሁን እንኳ ሳይቀር ትል አመለጣት ተባለ፤ ሴቶቹም ከበፊቱ የባሰ ይጠነቀቁ ጀመር። እሷ ድር መልቀሙን ተወች፣ ሥራው የትርንጎ ሆነ።

ትርንጎን ከኮላ ድባ የመጡ ሽማግሌዎች ጠየቋት፤ በላቸው ለሚባል ጎበዝ ገበሬ ነው። እንደ ወጉ ዘር ተቆጠረ፣ ከዘራችሁ የሚታማ ደዌ አለ ወይ ተባለ። መሪጌታ በንጹሕ ልባቸው «የለም» አሉ። እንኳየሁ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሰማች። ብትናገር ትርንጎን የሚያገባ አይኖርም፤ ዛሬም ነገም አይኖርም። ባትናገር ደግሞ፣ ምናልባት ሴት ሴት ትወልድ ይሆናል። ሁሉንም ላይዝ ይችላል ብሎ የለ ድሬሰሩ? ዝም አለች። የሠርጉ ቀን ስትጨፍር ያያት ሁሉ ሐዘኗን ረሳችው አለ።

የመጀመሪያ ልጅ ከእናት ቤት ይወለዳልና ትርንጎ ሆዷ ሲገፋ አዘዞ መጣች። ምጡ በመጣ ቀን እንኳየሁ ውስጥ መቆየት አቅቷት ደጅ ወጣች። ሴት ከሆነች ሴቶቹ ሦስት ጊዜ እልል ይላሉ፣ ወንድ ከሆነ ሰባት። ግድግዳውን ይዛ እመቤቴን ለመነች። እልልታው ተነሳ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አራተኛው መጣ።

ያን ሳምንት ያልሮጠችበት የለም። ሐኪም ቤት ሄደች፤ አድማሴ ከተዛወረ ቆይቷል፣ ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በእሱ ፈንታ ያለው ሰልፉ በዝቶበት ነበር። «ያልደማ ልጅ ምን አድርግ ይሉኛል? ከደማ ያምጡት» አላት። ለመሪጌታ በመጨረሻ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የአጎቷን፣ የወንድሟን፣ የድሬሰሩን ቃል። መሪጌታ እጇን ይዘው ሰሟት፣ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ።

«ልጆቼን የገደለቻቸው ሚስቴ ናት ብዬ እንዳምን ነው የምትፈልጊ?» አሏት። «አላምንም። ራስሽን አትግደይ እንኳየሁ።»

ከሚጠሏት ሰዎች ጋር ቢሆን ትጣላ ነበር። ከሚወዷት ጋር ግን ምን ትሁን?

የቀረችው ትርንጎ ናት። በሰባተኛው ቀን ቤቱ ጭር ሲል ከመደቡ ጥግ ተቀመጠች።

«ልጁ አይገረዝ» አለቻት። «ትሉ አይደለም። ትሉ ምንም አላጠፋም። ደማችን ነው፤ የኔ፣ የናቴ፣ ያንቺም። ያኔ ተነግሮኝ ነበር፣ ደበቅሁት።»

ትርንጎ አልደነገጠችም። ሦስት ልጅ የቀበረች እናት ምን አትል ብላ በእዝነት አየቻት። ከራስጌዋ ሙዳይ አወጣች።

«ፈርተሽ ነው እማ። ይኸው፣ ከጸነስኩ ጀምሮ ኮላ ድባ ሆኜ የለቀምኩት ነው። የእያንዳንዷን ጀርባ ሳላይ አልነካሁም። አንቺ እንዳስተማርሽኝ።»

«ተሳስቼ ነው ያስተማርኩሽ።»

«አልተሳሳትሽም። ስንቱን ልጅ አትርፈሻል። ያኔ ዓይንሽ በልቅሶ ደክሞ አንዱ አምልጦሽ ነው፣ አባዬም ብሎኛል። እኔ አላመለጠኝም።»

እንኳየሁ ደግማ ተናገረች፣ ደጋግማ ተናገረች፣ አለቀሰችም። ትርንጎ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችላት። ለእያንዳንዱ ቃል መልስ ነበራት፤ መልሶቹን ሁሉ ደግሞ የሰጠቻት እንኳየሁ ራሷ ናት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሞቅ ሲል፣ አያ አለነ «ቤቶች» ሲል ከአጥሩ ማዶ ተሰማ። መሪጌታ ሊቀበሉት ወጡ። ትርንጎ ሙዳዩን ለእናቷ ዘረጋችላት።

«ልቤ እንዲያርፍ አንቺም እይልኝ» አለቻት።

እንኳየሁ ወደ በሩ ብርሃን ይዛው ሄደች። ድሩን በባላው ገለጠች፣ አገላበጠች። ወፍራም የለበትም፣ የልቃቂት ቁራጭ የለበትም፤ እንዲህ የጠራ ድር በዕድሜዋ አላየችም። አንዲት ትል ባገኝ ብላ እስከ ታች ድረስ ፈለገች፤ ብታገኝ ቢያንስ ዛሬን ይቆይ ማለት ትችል ነበር። ሳይኖር አለ እንዳትል የትርንጎ ዓይን አይታለልም።

«ንጹሕ ነው?» አለች ትርንጎ።

«ንጹሕ ነው» አለች እንኳየሁ።

ትርንጎ ፈገግ ብላ የሕፃኑን መጠቅለያ መፍታት ጀመረች።